እሳት የተሸከመ እንጨት

እንጨትና እሳት አይተማመኑም። እናቶቻችን ዕጣን የሚያጨሱት በሸክላ ማጨሻ ወይም በምጣድ ገል ላይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጽናም ከብረት ተሠርቶ በሰንሰለት ይንጠለጠላል። እኔ ግን ከእንጨት የተሠራውን የዕጣንና የሰንደል ማስቀመጫ አብልጬ እወዳለሁ። ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ሊቃጠል ስለሚችልም ነው። በሚቃጠል ነገር ላይ እሳት ያኖረ ሰው ጥሎት አይሄድም። አጠገቡ ይቀመጣል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው በየምሽቱ ከሰል ማቀጣጠል ከባድ ነው። ሰንደል በየቤቱ የገባው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ነው፤ የከሰልና የእንጨት ዱቄት ከሽቶ ጋር ተለውሶ ይለጠፍበታል፤ ብዙው የሚመጣው ከህንድ ነው። ክብሪት ብቻ ይበቃዋል። ቀላል በመሆኑም ሳንጠነቀቅለት ቀረን። የበር ስንጥቅ ውስጥ ወይም አበባ የተተከለበት ጣሳ ላይ ሰክተነው ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን፤ ዐመዱ ወለሉ ላይ ይበተናል፤ ሽታውንም ልብ ሳንለው ያልቃል።

ደህና ተደርጎ የተሠራ የሰንደል ማስቀመጫ ይህን ልማድ ያስተወናል። ከስንዝር ረዘም ያለች ጠፍጣፋ ዋንዛ ናት፤ ከአናጺ ቤት የሚተርፍ ቁራጭ ይበቃታል። አንደኛው ጫፏ ቀና ብሎ ጠባብ ቀዳዳ ተበስቶበታል፤ መሀሏ በርዝመቱ ጎድጎድ ብሎ ተፍቋል። ሰንደሉ ሲሰካ በጎድጓዳው ላይ ጋደል ይላል። ዐመዱ ቶሎ አይወድቅም። ግራጫ ሆኖ ይረዝማል፣ ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ እንጨቱ ላይ ይተኛል። ቀዳዳው ከሰፋ ሰንደሉ ይወድቃል፤ ጎድጓዳው ካጠረም ዐመዱ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ሰንደል ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት።

ሙጫውን ዕጣን ለሚያጨስ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን በሻንጣቸው የሚያመጡት መብኸራ፣ እንጨቱ በናስ ያጌጠ፣ አፉ በብረት የተለበጠ ነው። የተለበጠው ብረት ከተነቀለ ፍሙ እንጨቱን ይበላዋል፤ ከፍሙ ሥር ዐመድ ወይም አሸዋ መነስነስ ይበጃል።

ሰው የሚፈልገው እርጋታ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ከዕጣን ሙጫ የተገኘ ኢንሰንሶል አሴቴት የተባለ ውህድ የአይጦችን ጭንቀት እንዳቀለለ ገልጿል። አይጦቹ የተሰጣቸው ግን ተነጥሎ የወጣው ውህድ ነው፤ ጢስ አልታጠኑም። እኔ እርጋታው ከመቀመጡ ይመጣል ባይ ነኝ። በቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ማንም ከመቀመጫው አይነሣም፤ ጎረቤት ይጫወታል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ ዕጣኑም በዚያ መሀል ይጨሳል። ብቻውን የሚኖር ሰው፣ በተለይ ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራው ጎረቤት በሌለበት በባዕድ አገር፣ ይህን ሁሉ አጥቷል። አንድ ሰንደል እንደ ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነድዳል። ያን ያህል ጊዜ እሳት እየጠበቁ መቀመጥ ለእሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጢሱ ግን ጢስ ነው፤ ሽታው ቢጣፍጥም ለሳንባ አይበጅም። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ክፍል ባይጨስ ይሻላል። ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድን ይፍራ፤ በዓይን አይታይም፣ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል።

ቆጥቦ ማጨስ የሚገባበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ልቤን ይነካኛል። በመተማና በሁመራ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅርፊቱ ስስ ተደርጎ ይፋቃል፤ ሙጫው ፈስሶ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከታዩት የዛፉ መገኛዎች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ለጋ ዛፎች እንደሌሉ፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ችግኙን ከብት ይግጠዋል፣ ሰደድ እሳት ይፈጀዋል፤ አሮጌውም ዛፍ ያለ ዕረፍት ይፋቃል። ይህን እያወቁ እፍኝ ሙሉ ዕጣን ፍም ላይ መበተን ግፍ ነው። አንዲት ቁራጭ ቤቱን ታውዳለች።

ሰንደሉን ለኩሳችሁ ወደ ሥራ የምትመለሱ ከሆነ ባትለኩሱት ይሻላል። ጊዜ ስታገኙ መስኮቱን ከፈት አድርጉ፤ ስልካችሁን ሌላ ክፍል ተዉት፤ እስኪያልቅም አጠገቡ ተቀመጡ። ስትነሡ ጫፉ ፈጽሞ መጥፋቱን እዩ፤ ካልጠፋ ውሃ ውስጥ ንከሩት።