ከዲዝኒ በር ማዶ

ዲዝኒላንድ በ1955 በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተከፈተ ወዲህ ሳይታሰብ ተዘግቶ የዋለባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉ ጊዜ ተዘግቷል፤ በ1994ቱ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ለፍተሻ ተዘግቷል፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ተዘግቷል። ስለዚህ በማርች 2020 አጋማሽ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ፓርኩ እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘጋል ሲባል፣ በሆቴላችን ምድር ቤት አንሶላ ስናጥፍ የነበርን ሴቶች «ሁለት ሳምንት ነው፣ ትንሽ እናርፋለን» ተባብለን ተለያየን። ከእነዚያ ሴቶች አንዳንዶቹን ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም። ፓርኩ እንደገና የተከፈተው ኤፕሪል 30 ቀን 2021 ነው።

እኔ የዲዝኒ ሠራተኛ ሆኜ አላውቅም። ከፓርኩ በእግር በሚያስኬድ ርቀት ባለ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። እንጀራችን ግን ከዚያው ነው። እኛ ጋ የሚያድረው እንግዳ ጠዋት ልጆቹን አስከትሎ የሚሄደው ወደዚያ በር ነው፤ ማታ የርችቱ ድምፅ መስኮታችንን ሲያንቀጠቅጠው የነገ ሥራችን እንዳለ እናውቃለን። የዚያ ኩባንያ አለቃ ማን እንደሆነና ምን እንደወሰነ የምከታተለው ለዚህ ነው። ቦብ አይገር በኖቬምበር 2022 ወደ ቀድሞ ወንበሩ ሲመለስ ብዙ ተጻፈ፤ ስለ አክሲዮኑ፣ ስለ ቦርዱ፣ ስለ ፊልሙ። እኔም በዚያው ዘመን ከሥራዬ ወጥቼ ወደ ሥራዬ የተመለስኩ ሰው ነኝና ያየሁትን መመስከር እፈልጋለሁ።

አይገር ከ2005 ጀምሮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበር። ፒክሳርን፣ ማርቭልን፣ ሉካስፊልምን የገዛው፣ በ2019 ደግሞ የፎክስን ትልቁን ክፍል በ71 ቢሊዮን ዶላር የጠቀለለው እሱ ነው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2020 ቦታውን ፓርኮቹን ይመራ ለነበረው ለቦብ ቼፔክ አስረከበ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያ ሁሉ በር ተዘጋ። በሴፕቴምበር ኩባንያው 28 ሺህ ሠራተኛ እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ በኖቬምበር ቁጥሩ 32 ሺህ ደረሰ። አይገር ያኔ የቦርዱ ሥራ አስፈጻሚ ሊቀ መንበር ሆኖ እዚያው ነበር፤ ጨርሶ የወጣው በ2021 መጨረሻ ነው። ስለ መመለሱ በደስታ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ሲዘሉት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

እኛ ቤት ሁለት ደመወዝ በአንድ ሳምንት ነጠፈ። ባለቤቴ ከሎስ አንጀለስ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ መንገደኛው ሲጠፋ መኪናው ቆመች። እናቴ ልትጠይቀን ከባሕር ዳር መጥታ መመለሻው ተዘግቶባት እኛው ጋ ቀርታለች። መጀመሪያ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት በሥራ አጥ ድጎማው ላይ በሳምንት 600 ዶላር ይጨምር ስለነበር የቤት ኪራዩን አላጓደልንም። በጁላይ መጨረሻ ጭማሪው ቆመ። ከዚያ በኋላ ከሆቴሉ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ስንብቴ ቋሚ መሆኑን የሚናገር ነበር። አገር ቤት ላለ አንባቢ ላስረዳ፤ እዚህ የአብዛኛው ሠራተኛ የጤና ዋስትና ከመሥሪያ ቤት ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲሄድ ሐኪሙም አብሮ ይሄዳል። ካሊፎርኒያ ገቢው ዝቅ ላለ ነዋሪዋ የምትሰጠው ሜዲ-ካል ባይደርስልን ኖሮ ቀጥሎ የመጣውን እንዴት እንደምንወጣው ማሰብም ያስፈራኛል።

በዲሴምበር 2020 አጋማሽ በደቡብ ካሊፎርኒያ የቀረው የጽኑ ሕሙማን አልጋ ዜሮ በመቶ ነው ተብሎ ታወጀ። ባለቤቴ የወደቀው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ራሱን አመመው፤ ከዚያ ቡና አይሸተኝም አለ፤ ከዚያ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት መሄድ እንደ ዳገት ሆነበት። የኦክስጅን የጣት መለኪያውን ስናደርግለት ቁጥሩ ከዘጠና በታች ወርዶ አልመለስ አለ። አምቡላንስ መጥቶ ሲወስደው እስከ መንገዱ ጠርዝ ብቻ ሸኘሁት፤ ከዚያ ማለፍ ክልክል ነበር። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ማለት ስልክ ውስጥ ያለ ፊት ነበር፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ ከኋላው መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ማዶ የሌላ ሰው ሳል። መናገር ስለማይችል እኔ አወራለሁ፣ እሱ በዓይኑ ይመልሳል። አንድ ምሽት ነርሷ ወደ መተንፈሻ ማሽን ሊያዞሩት እንደሚችሉ ነገረችኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና «ልጄ፣ ተነሺና ሊጥ አቡኪ። ሲመለስ ምን ሊበላ ነው?» አለችኝ። ተነሥቼ አቦካሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

ወደ ማሽኑ ሳይዞር ተረፈ። የኦክስጅን መሣሪያ ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ የቤታችንን ደረጃ በሦስት ዕረፍት ነው የወጣው። በዚያ ወር እኔም የምጥልበት ዕቁብ ዕጣ የደረሰው ለሌላ ሴት ነበር፤ እሷ ራሷ ሥራ የፈታች ነበረች። ገንዘቡን በፖስታ አሽጋ በራችን ላይ አስቀምጣ ከመኪናዋ ውስጥ ደወለችልኝ። «ያንቺ ተራ ሲደርስ ትመልሺልኛለሽ» አለችና ሄደች። ስሟን ባልጽፍም ይህን እያነበበች እንደሆነ አውቃለሁ።

በጃንዋሪ 2021 አናሃይም ያለችበት የኦሬንጅ ካውንቲ የመጀመሪያው ትልቅ የክትባት ጣቢያ ተከፈተ። ቦታው የዲዝኒላንድ የመኪና ማቆሚያ ነው። እናቴ ዕድሜዋ ከ65 በላይ ስለነበር ተራ ደረሳት። በልጆች ተሞልቶ የማውቀው ሜዳ በድንኳንና በሽማግሌዎች ተሞልቷል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ዙሪያውን ቃኘችና «ይኼ ነው የምትሠሪበት?» አለችኝ። «አይደለም እማዬ፣ ማዶ ነው» አልኳት። ወደ ማዶው ተመለከተች፤ የሆቴላችን መስኮቶች ሁሉ ጨለማ ነበሩ።

ወደ ሥራዬ የመለሰኝ ማን እንደሆነ በግልጽ መናገር አለብኝ። የአለቃ ደግነት አይደለም፤ ሕግ ነው። ገዥው ጋቪን ኒውሰም ኤፕሪል 16 ቀን 2021 የፈረሙት የካሊፎርኒያ ሕግ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ሠራተኛ ያሰናበቱ ሆቴሎች እንደገና ሲቀጥሩ በመጀመሪያ የቀድሞ ሠራተኞቻቸውን፣ ያውም በአገልግሎት ዘመናቸው ቅደም ተከተል እንዲጠሩ አስገደደ። የተጠራ ሰው መልስ ለመስጠት አምስት የሥራ ቀን ነበረው። ይህ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር ታግሎ ያመጣው ነው፤ እኔም በሰባራ እንግሊዝኛዬ ለምክር ቤት አባላት ቢሮዎች ከደወሉት አንዷ ነኝ። አዲስ ሰው በርካሽ መቅጠር በሚቻልበት ወቅት፣ ለዓመታት ወገቧን የሰጠችን ሴት «ቀድመሽ ነይ» የሚል ጽሑፍ መውጣቱን አሁንም ስናገር እንባዬ ይመጣል።

የተመለስኩበት ሥራ ግን የተውኩት አልነበረም። ክፍል በየቀኑ ማጽዳት ቀርቷል፤ እንግዳው ካልጠየቀ አይገባም። ለሰሚው ሥራ የቀለለ ይመስላል። አራት ልጆች ለአምስት ቀን የኖሩበትን ክፍል በመጨረሻው ቀን ከፍቶ ያየ ያውቀዋል፤ ምንጣፉ ላይ የደረቀ ፒዛ፣ መታጠቢያው ላይ የጠጠረ ሳሙና፣ የፎጣ ክምር። የሚሰጠን ደቂቃ ግን አልጨመረም።

እንግዶቹም ተለውጠዋል። ከ1999 ጀምሮ በነፃ የነበረው የፓርኩ የወረፋ ማሳጠሪያ ቀርቶ፣ በዲሴምበር 2021 ያኔ ጂኒ ፕላስ ይባል በነበረና በሰው 20 ዶላር ይከፈልበት በነበረ አሠራር ተተካ። ጋሪዬን እየገፋሁ በኮሪደሩ ሳልፍ፣ አባቶች በስልካቸው ሒሳብ ሲደምሩና ከሚስቶቻቸው ጋር ድምፅ ዝቅ አድርገው ሲከራከሩ እሰማ ነበር። እንዲህ ሒሳብ ሲደምር የከረመ አባት ለእኛ አልጋ ላይ የሚተዋት ጉርሻም ትቀንሳለች።

ኖቬምበር 20 ቀን 2022፣ እሑድ ማታ፣ ቦርዱ ቼፔክን አንሥቶ አይገርን መለሰ። የቼፔክ ውል በጁን ለሦስት ዓመት ታድሶ ነበር። ግን በዚያው በኖቬምበር መጀመሪያ የኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎቱን ዲዝኒ ፕላስን የያዘው ክፍል በሦስት ወር ውስጥ 1.5 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩ ተነገረ፤ በማግሥቱ አክሲዮኑ 13 በመቶ ወደቀ። ሰኞ ጠዋት በምግብ ክፍላችን ባሏ ፓርኩ ውስጥ የሚሠራ አንዲት የፊሊፒንስ ሴት ዜናውን ከስልኳ አነበበችልን። ፊቷ በርቶ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ተመለሰ፣ እንግዳው ይበረክታል ብዬ አሰብኩ። እውነትም በጃንዋሪ በዲዝኒላንድ ርካሽ ትኬት የሚሸጥባቸው ቀኖች እንዲበዙ ተደረገ፤ በፍሎሪዳ ደግሞ በዲዝኒ ሆቴሎች ለሚያድር እንግዳ የመኪና ማቆሚያ ክፍያው ተነሣ።

ቀኑ እየመሸ ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። አይገርን ለመመለስ ስልክ በቃ። በሁለት ዓመት ውል፣ በዓመት እስከ 27 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል ክፍያ። ተተኪውን መርጦ ያስረከበው እሱ ራሱ ቢሆንም መመለሱ «ማዳን» ተባለ። የእሱ ልምድ የማይገኝ ሀብት ነው ተባለ፤ የእኛ ልምድ ግን ሕግ እስኪወጣለት ድረስ ወጪ ነበር። ሰውየውን አልጠላውም፤ የማከብርለት ሥራ አለው። ልምድ ዋጋ አለው ከተባለ ግን ለምን ከአንድ ወንበር በታች አይወርድም? ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2023፣ 5.5 ቢሊዮን ዶላር ለመቆጠብ 7 ሺህ ሰው እንደሚያሰናብት ሲናገር ሆዴ ተላወሰ። ለ7ቱ ሺህ «ቀድማችሁ ኑ» የሚል ጽሑፍ አልነበረም።

በጁላይ 2023 እኛ የሆቴል ሠራተኞች ለደመወዝ ጭማሪ አድማ ላይ ነበርን፤ የፊልም ጸሐፊዎቹም ከሜይ ጀምሮ አድማ ላይ ነበሩ፣ ተዋንያኑ ሊቀላቀሏቸው ነበር። በዚያው ሳምንት የአይገር ውል እስከ 2026 መጨረሻ ተራዘመ፤ በማግሥቱ በቴሌቪዥን ቀርቦ የጸሐፊዎቹና የተዋንያኑ ጥያቄ ከእውነታው የራቀ ነው አለ። ከበሮ ይዘን አስፋልት ላይ ቆመን ነው የሰማነው። አጠገቤ የነበረች ሴት ባሏ ከ32ቱ ሺህ አንዱ ነበር። ምንም አላለችም፤ ከበሮዋን ጠንክራ መታች። በ2024 የዲዝኒላንድ ሠራተኞች የአድማ ድምፅ ከሰጡ በኋላ መነሻ ክፍያቸው በሰዓት 24 ዶላር ሆነላቸው። እሱም የመጣው በመቆም ነው።

አንዲት የደሴ ልጅ ነበረች፤ በ2019 መኸር ላይ ተቀጥራ አልጋ ማንጠፍ ያስተማርኳት። እኔን የመለሰኝ ሕግ ሲወጣ የሚጠራው ከ2020 በፊት በነበረው ዓመት ቢያንስ ስድስት ወር የሠራን ሰው ነበር፤ እሷ አልሞላላትም። አሁን ሌሊት ሌሊት በአንድ መጋዘን ዕቃ ትለያለች። ስሟን ለተቆጣጣሪያችን ደጋግሜ ሰጥቻለሁ፤ ለማኅበሩም ጽፌያለሁ። በሚቀጥለው የውል ድርድር እንደ እሷ ላሉት የሚሆን አንቀጽ እንዲገባ ከሚጠይቁት ጋር ፈርሜያለሁ።