የላቭበርድ ውሃ በካርቱም ሙቀት

ሰሞኑን ስለ መታወቂያ እድሳትና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ስጽፍ ነበር። ዛሬ ስለ ወፍ ነው። አትሳቁ፣ ኢንቦክሴ በዚሁ ጥያቄ ተሞልቷል።

እዚህ ካርቱም ሁለት ፕሮሰሱ የተሳካለት ሲሄድ ዕቃው ለጎረቤት ይከፋፈላል። ፍራሹ ለአንዱ፣ ፍሪጁ ለሌላው። ለእኔ የደረሱኝ ሁለት ላቭበርዶች ናቸው፣ ከነቀፈሳቸው። ባለቤታቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። አሁን ካናዳ ነው፤ አርብ አርብ ሲደውል ሰላምታ ሳያስቀድም «ቲቸር፣ ታጠቡ?» ይላል። እንዲህ ወፍ የወረስን ብዙ ነን። አንዲት እህት ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ የእሷዎቹን ሞተው አገኘቻቸው። ቀፈሱ የከሰዓት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ነበር።

«የበረሃ ወፍ ነው፣ ውሃ አይፈልግም» የሚሉ አሉ። ሱቅ የሚሸጠው ፊተ ሮዝ ላቭበርድ ዘሩ ከናሚቢያና ከአንጎላ ደረቅ ምድር መሆኑ እውነት ነው። ግን እዚያም ከውሃ ርቆ አይኖርም፤ በቀን ደጋግሞ ይጠጣል። (የእኛም ደጋ የራሱ ላቭበርድ አለው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማይገኝ፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነ። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ እንደ ዘመድ ወሬ ነው የሰሙት።)

የመጀመሪያው ጠላት የጣራው ታንከር ነው። ቀትር ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ለማፍላት ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ውሃቸውን ማታ ቀድቼ በዚር አሳድራለሁ። ዚር እንደ እኛ እንስራ ነው፤ በሸክላው የሚያልበው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ መብራት ቢጠፋም ሥራውን አያቆምም። ሐምሌና ነሐሴ ዓባይ የአገራችንን አፈር ተሸክሞ ሲመጣ ውሃው ይደፈርሳል። ያን ጊዜ አድሮ ሲጠል ከላይ ያለውን ብቻ ቅዱ፤ የሚጠጡትን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። አፈሩ ከየት እንደመጣ ስለምናውቅ አንቆጣም።

ለመታጠቢያ የማይገለበጥ ከበድ ያለ ሳህን ይበቃል፣ ውሃው ሁለት ጣት የማይሞላ። ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይሁን፣ ቀኑን እንዲደርቁ። ሳሙና በጭራሽ! ከጅራታቸው ሥር ያለች ዕጢ ቅባት ትሰጣለች፤ በመንቁራቸው ላባቸውን የሚቀቡት በዚያ ነው፣ ሳሙና ያጥበዋል። ይዛችሁ አትንከሯቸው። እምቢ ካሉ ጅርጅር እጠቡና እርጥቡን ቅጠል ቀፈሱ ላይ ስቀሉ፣ ራሳቸው ይታሹበታል። ከታጠቡ በኋላ ሙከይፍ ፊት አይቀመጡ። የታጠቡበትን ውሃ ቶሎ አንሱ፤ ኩሳቸውን ጥለውበት መልሰው ይጠጡታል። የመጠጫውንም ጠዋትና ማታ አጥባችሁ ቀይሩ፣ ሐቡብ ካለፈ ደግሞ ወዲያው።

«እኛ ከአህያ ጋሪ ውሃ እየገዛን ለወፍ?» ያለኝ ወንድም ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ለክቼ መለስኩለት። ሁለቱ በቀን የሚጠጡት አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም፤ ሳህኑ የሚይዘው አንድ ብርጭቆ ነው፣ እሱም በኋላ ለሬሃኑ ይፈሳል። ከእኛ የሚፈልጉት ብዙ ውሃ ሳይሆን ሰዓት የሚያከብር ሰው ነው።

ቀትር ላይ አፋቸውን ከፍተው ከተነፈሱና ክንፋቸውን ከጎናቸው ካራቁ ሙቀቱ እየጎዳቸው ነው። ወዲያው ወደ ጥላ ክፍል ውሰዷቸው፣ በመርጫ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ እርጩባቸው። የበረዶ ውሃ አይሆንም።

ፕሮሰሳችሁ ደርሶ ወፍ የምትተዉ፣ ስትሄዱ ቀፈሱ ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ ውሃው መቼ እንደሚቀየር፣ ምን እንደሚፈሩ። ልጁ የለጠፈው እስካሁን አለ። የመጨረሻው መስመር «ትልቋ ሰው እያያት አትታጠብም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሳህኑን አስቀምጬ ዞር እላለሁ።