ደገመ

ኮድ መጻፍ ስንጀምር ከምንማራቸው ሕጎች አንዱ «ራስህን አትድገም» ይላል። አንድን ነገር ሁለት ቦታ ከጻፍከው፣ አንዱን አስተካክለህ ሌላውን ትረሳዋለህ። የጁቤ ያለችው አያቴ ይህን ብትሰማ ትስቃለች። እኛ አገር እኮ ጸሎት ራሱ «መድገም» ነው፤ ዳዊት ይደገማል።

የእሷ ጸሎት ረጅም አይደለም። መቁጠሪያዋን ይዛ «ኪርያላይሶን» ትላለች፤ በየፍሬው አንድ ጊዜ፣ 41 እስኪሞላ። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ ማረን» ማለት ነው። የግብፅ ኮፕቶችም 41 ጊዜ ይሉታል፤ ቁጥሩን ሲያብራሩት 39 ግርፋት፣ አንድ የእሾህ አክሊል፣ አንድ ጦር ይላሉ።

ቲቤት ውስጥ ደግሞ ቡድሂስቶች 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ «ኦም ማኒ ፔሜ ሁም» እያሉ ይቆጥራሉ። ይህ ማንትራ ሳንስክሪት ነው፤ «ፓድሜ» የነበረው በቲቤቶች አፍ «ፔሜ» ሆኗል፤ ልክ «ኪርዬ ኤሌይሶን» እኛ ጋ ሲደርስ እንደተለወጠው። እምነቱ ለየቅል ነው፤ የሚፈልጉትም አንድ አይደለም። ግን ሁለቱም ቃሉን ሳይተረጉሙ፣ አፋቸው እንደቻለ ተቀብለው ለልጅ ልጅ አቀብለዋል።

«ቋንቋውን ካላወቀችው ምን ይጠቅማታል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ «ድግምት»ም የወጣው ከዚሁ «ደገመ» ነው። ልዩነቱ ለእኔ እንዲህ ነው፦ ድግምተኛ የሚደግመው ሌላውን ለማሰር ነው። አያቴ የምትደግመው ራሷን ለማጽናት ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ የእሷም ስልክ አልሠራ አለ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ እደውላለሁ። ያው ድምፅ፣ ያው «ማግኘት አይቻልም»። እንደገና እደውላለሁ። የኔም መድገም ነበር፤ ግን መልስ ካላገኘ የሚያሳብድ መድገም። በስንት ቀኑ መስመሩ ሲከፈት «እንዴት ሰነበትሽ እምዬ?» አልኳት።

«ምን እሆናለሁ ልጄ፤ ስቆጥር ሰነበትኩ» አለችኝ።

እሷም እንደኔ መልስ እየጠበቀች ነበር። ግን እስኪመጣ ድረስ የምትይዘው ነገር ነበራት፤ አንድ ፍሬ፣ ከዚያ ቀጣዩ።