ልጁ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር!

ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ብርድ ለመደ የሚላችሁ ካለ ወይ ነድቶ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል። እኔ የሲሪንቃ ሰው ነኝ። (የምርምር ማዕከሉ ሠራተኛ አይደለሁም። ሲሪንቃ ባልኩ ቁጥር ሰው ስለ ማሽላ ዘር ይጠይቀኛል!) ሥራዬ የእህል ወፍጮ መጠገን ነው። ወፍጮ ደግሞ ሁልጊዜ የሚበላሸው በማይመች ሰዓት ነው። ስለዚህ ሞተሬን አስነስቼ፣ ወልዲያን አልፌ፣ በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና መውጣት የኑሮዬ ግማሽ ሆኗል።

የቆላ ሰው "ጠዋት ሞቆኝ ነበር" እያለ ነው የሚሞኘው። ሲሪንቃ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጋሸና ግን ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛልና በሸሚዝ የተነሳ ሰው ሳያስበው ሌላ አገር ይገባል። ነፋሱን ደግሞ ጨምሩበት። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ ፊታችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ረዳቴ አባቱ የሞተበት የ17 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ "አደራ" ብላ ነው የሰጠችኝ። እኔ የቆዳ ጃኬቴን ገጥሜያለሁ፤ እሱ ከኋላዬ በስስ ሹራብና በጋቢ ተቀምጧል። ጋቢ ካለው ምን ይሆናል ብዬ ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ዝናቡ ወረደብን። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከራሰ በኋላ ማሞቁ ይቀርና ገላን ይመጠምጣል።

መጀመሪያ ልጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ቀጥሎ መንቀጥቀጡ ቆመ። እኔ ሞኙ "ተመስገን፣ ሞቀው" አልኩ! ሳናግረው ምላሱ ተሳስሮ እንደ ሰካራም መለሰልኝ። እንቅልፍ ነው ብዬ ነዳሁ። ጋሸና ደርሼ ውረድ ስለው ግን እንደ ጆንያ ተንከባለለ።

እናላችሁ፣ ሻይ ቤት ይዤው ገባሁ፤ የመጀመሪያ ቃሌም "አረቄ አምጡ" የሚል ነበር። ባለቤቷ አፈጠጠችብኝ። "አንተ ሰውዬ፣ የሰው ልጅ ልትገድል ነው እንዴ?" አለች። እርጥቡን ልብስ ገፈፈችለት፣ የሱፍ ባና ጠቀለለችው፣ የራሷን ልጅ ደግሞ አብሮት አስተኛችው፤ የሰው ገላ ያሞቀዋል ብላ። እኔ ወደ ምድጃው ልጎትተው ስል እጄን መታችኝ። የደነዘዘ ገላ ሲቃጠል አያውቅም። ቃል ሲያወጣ ነው ስኳር የበዛበት ሻይ በማንኪያ የሰጠችው። "አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር" ትላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ለእናቱ ምን እንደምላት አስብ ነበር።

በማግሥቱ ያየው ነርስ ሴትዮዋን አመሰገነ፣ እኔን ግን ገሠጸኝ። አረቄ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ግን ከውስጥ ተሰርቆ የወጣ ነው አለኝ። መንቀጥቀጥ ሲቆምና ምላስ ሲተሳሰር ደግሞ ሞት በር ላይ ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ አለባበሴ አንባቢን ያስቃል። ከገላዬ ቀጥሎ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ አራት እጥፍ ጋዜጣ (አዎ፣ ይሄንኑ የያዛችሁትን ዓይነት! ካነበባችሁት በኋላ አትጣሉት)፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ በላዩ የዝናብ ላስቲክ። ካልሲና ጫማ መሐል ፌስታል አደርጋለሁ። ጫማው እንዳይጠብ ግን፤ እግር ከታሰረ ደም አይዘዋወርም። ጓንት ብቻውን አይበቃም፣ ጣት ከደነዘዘ ፍሬኑን መያዝ አይቻልም። የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ከመሪው ፊት ለፊት አስሬያለሁ፤ ነፋሱን ይመልሳል። የወልዲያ ልጆች "ባለ ጀሪካኑ" ይሉኛል፣ ይበሉኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ሳይቀልጥ አልነሳም፤ መንገዱም ያንሸራትታል። በየግማሽ ሰዓቱ ቆሜ እንቀሳቀሳለሁ። ከኋላ የተቀመጠውንም ስሙን ጠይቄ እንዲመልስልኝ አደርጋለሁ። ይስቁብኛል። ግን ይመልሳሉ።

ልጁ ዛሬ የራሱ ሞተር አለው፣ የራሱ ረዳትም አለው። ስንገናኝ "ጋሼ፣ ላስቲኩን ይዘሃል?" ይለኛል፤ ሁለታችንም የምናውቀውን እናውቃለን። እናቱ ግን በየመውሊዱ ጠርታ ታበላኛለች፤ ልጄን ሙያ አስያዝክልኝ እያለች ትመርቀኛለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ። ማንበብ አትችልም። ልጇ ግን ጋዜጣ ይወዳል።