የፎገራ ገለፈትና የተማሪዎች ውድድር

ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ወደ ጎንደር ስትጓዙ የጉማራን ወንዝ እንደ ተሻገራችሁ ሰፊው የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል። ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ውሃ አዝሎ የሚከርመው ይህ ጥቁር አፈር ለብዙ አዝርዕት ባይመችም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ከገባበት ወዲህ መልኩ ተለውጧል። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል፤ የፎገራ እመቤትም ሩዙን ከጤፍ ቀላቅላ እንጀራ ትጋግራለች።

በወረታ የሩዝ መፈተጊያዎች አጠገብ ስታልፉ ደግሞ የገለፈት ክምር ታያላችሁ። 100 ኪሎ ሩዝ ሲፈተግ 20 ኪሎ ያህል ገለፈት ይወጣዋል። እንደ ሶልቭ አይቲ ላሉ የወጣቶች የፈጠራ ውድድሮች የሚዘጋጅ ቡድን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከየት ያገኛል? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም ማዕከልም የአካባቢውን ተማሪዎች በተግባር ትምህርት ሲያሠለጥን ቆይቷል።

ልጃችሁ «ቡድን አቋቁመናል» ብትላችሁ አስቀድማችሁ «ችግሩ የማን ነው?» በሏት። የማገዶን ነገር ከእናት የበለጠ የሚያውቅ የለምና ቡድኑ ጎረቤቶችን ይጠይቅ፤ በሳምንት ስንት ብር ለከሰል እንደሚያወጡም ይመዝግብ።

ቀጥሎ መለካት ነው። ገለፈቱ ታፍኖ ይከስላል፤ እንደ አጥሚት በወፈረ የሩዝ ዱቄት ተለውሶ፣ ተጨምቆም ይደርቃል። ከዚያም የገለፈቱና የእንጨቱ ከሰል በእኩል ሚዛን፣ በአንድ ዓይነት ምድጃና ድስት፣ አንድ አንድ ሊትር ውሃ ያፍላ። ደቂቃው ይጻፍ፤ ሙከራው ሦስት ጊዜ ይደገም። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 ዲግሪን የሚጠብቅ ቡድን ሲጠብቅ ይመሻል። የገለፈት ከሰል አመድ ይበዛበታል፤ ይህም ሳይደበቅ ይጻፍ። ማክሰሉም ሆነ ማንደዱ ደጅ ይሁን፤ የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ይገድላል።

በመጨረሻም ሒሳቡ ይሠራ። የጉልበቱ፣ የዱቄቱና የማጓጓዣው ወጪ ተደምሮ ዋጋው ከገበያው ከሰል ከበለጠ፣ ሳይንሱ ቢያምርም ገዢ አይገኝም።

ሌላም አደራ አለን። ወንዶቹ ከትምህርት በኋላ ሲሞክሩ እርስዋ ወጥ ልትሠራ ወደ ቤት ከሮጠች፣ በውድድሩ ቀን የሚደርሳት ሥራ ሥዕሉን ይዞ መቆም ብቻ ይሆናል። በሥራ ላይ የምትውሉ እናቶች ይህ ሸክም እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን። ቢሆንም በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሽንኩርቱን ይላጥ፣ ውሃውን ይቅዳ፤ እርስዋም ሚዛኑን ትያዝ፣ ለዳኞቹም ራስዋ ታስረዳ።