ስለ ባሕር ዋናና ስለ ልጆቻችን ጤና
በሎስ አንጀለስ የምንኖር ወላጆች ልጆቻችንን ለዋና ወደ ባሕር ዳርቻ ስናወርድ፥ ውሃው ጠርቶ ከታየን ንጹሕ ነው እንላለን። ነገር ግን ደዌ የሚያመጡ ተሐዋስያን በዓይን አይታዩም። ስለዚህ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሕግ፥ ብዙ ሕዝብ የሚዋኝባቸውና የጎርፍ ቦይ የሚፈስባቸው ዳርቻዎች በሞቃቶቹ ወራት በየሳምንቱ ይመረመራሉ። ይሁን እንጂ በተለመደው ምርመራ የእድፍ ምልክት የሆኑት ተሐዋስያን አድገው እስኪቈጠሩ ድረስ 1 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ዛሬ የምናነበው ማስታወቂያ የትናንቱን ውሃ የሚነግረን ነው። ዝናም ሲዘንብም ጎርፉ የመንገዱን እድፍ ወደ ባሕር ያወርዳልና፥ የጤና ሹማምንት 3 ቀን እንድንታገሥ ይመክራሉ። ሕፃን ሲዋኝ ውሃ መዋጡ አይቀርም። እንግዲህ ምክሩን እንጠብቅ፤ ዋና የተከለከለ ልጅ ልቅሶ በአንድ ሰዓት ያልፋል፥ የታመመ ልጅ ልቅሶ ግን ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ ይነሣናል።