ከውስጥ የተከፈተ በር



በስብሰባ ላይ ሌላውን መሔስ ይቀላል፤ ራስን መሔስ ይከብዳል። ይሁን እንጂ በእናንተ ስም ላይ ጥፋት ሠርቻለሁና ግለ ሂሴን በዚህች መጽሔት ማስፈር ግዴታዬ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር የመረዳጃ መዋጮአችንን የሚመዘግብ ትንሽ የድረ ገጽ ፕሮግራም በላፕቶፔ ላይ ሠራሁ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ እንዲያየው ፈለግሁ። ነገር ግን የዶርሚቶሪያችን ኔትወርክ የውስጥ አድራሻ ብቻ ስለሚሰጥ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ እኔ ዘንድ አይደርስም። ዘበኛው የሚገባውን ይከለክላል እንጂ የሚወጣውን አይጠይቅም።

መላው ኤስኤስኤች የተባለው መሣሪያ ነበር። በአንዲት መስመር ትእዛዝ ላፕቶፔ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣና ከተከራየሁት ሰርቨር ጋር መስመር ዘርግቶ ይይዛል፤ በሰርቨሩ 8000ኛ ፖርት የመጣ እንግዳ በዚያው መስመር ተመልሶ ክፍሌ ይገባል። መሣሪያው እንደ ተሠራ ቢተው ይህን በር የሚከፍተው ለሰርቨሩ ለራሱ ብቻ ነው። «ጌትዌይ ፖርትስ» የተባለውን መቀርቀሪያ ፈትቼ ለዓለም ሁሉ የከፈትሁት እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ አየ፤ ተደሰትን፤ እኔም ሳልዘጋ ተኛሁ።

ጧት በላፕቶፔ ላይ የፕሮግራሙን መዝገብ ሳነብ የማላውቃቸው ጥያቄዎች ተደርድረዋል። የይለፍ ቃል የሚቀመጥባቸውን ፋይሎች ስም እየጠሩ በየበሩ የሚያንኳኩ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ናቸው። ከብዙዎቹ አጠገብ 404፣ ማለትም «የለም» ተጽፏል። ነገር ግን ፎልደሩ ከነዝርዝሩ ክፍት ስለ ነበር ከአንዱ አጠገብ 200፣ ማለትም «ተሰጥቷል» የሚል ቁጥር አየሁ። የአባሎቻችን ስምና ስልክ ያለበት ፋይል ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሩን ያን ጊዜ ዘጋሁ። ማታውኑ ለእያንዳንዱ አባል ነገርሁ። አንዲት እኅታችን «ቁጥሬን የምታውቁት እናቴና እናንተ ብቻ ነበራችሁ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኤስኤስኤችን ታቱ ዩሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ በ1995 እ.ኤ.አ. የሠራው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነው። ለጥበቃ የተሠራውን እኔ ለማጋለጥ አዋልሁት። መስመሩ ከላፕቶፔ እስከ ሰርቨሩ የተመሰጠረ መሆኑ፣ ማን እንደሚገባበት አይመርጥም።

እንግዲህ እንደ እኔ በር የምትከፍቱ ሁሉ፣ ለሙከራ የፈጠራ ስም ብቻ አስቀምጡ፤ በሩ ላይ የይለፍ ቃል አድርጉ፤ አሳይታችሁ እንደ ጨረሳችሁ ዝጉ። የሌላ ሰው ስም በእጃችሁ ሲሆን ደግሞ አስቀድማችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። እኔ ይህን አልጠየቅሁም። ሂሳችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።